የልብ ቫልቭ ከተቀየረ በኋላ፦ በድሬዳዋና በሐረር ለሚኖር ታካሚና ለአስታማሚው

የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር፣ የተቀየረለት ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ በእጁ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው፦ የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ፣ የቫልቩን ዓይነትና ቁጥር የያዘች ትንሽ ካርድ፣ ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ አንድ ብልቃጥና የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን። የታናሽ እኅቴ ሚትራል ቫልቭ (በግራው የልብ ወገን በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው) በብረት ቫልቭ ተቀይሮ ወደ ቤት በመጣችበት ሳምንት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ትልቁ ነገር አለፈ ብሎ አመሰገነ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተረዳሁት ግን ቀዶ ሕክምናው የጥቂት ሰዓት ሥራ እንደነበረና የቫልቩ ዕድሜ የሚወሰነው እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ በየማታው ክኒንና በየወሩ የደም ምርመራ መሆኑን ነው። ይህ ጽሑፍ ይህን የቤት ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት የሚያስረዳ ሲሆን፣ ሐኪምዎ ለእርስዎ ለይቶ ያዘዘውን የሚተካ አይደለም።

በአገራችን በወጣትነት ዕድሜ ቫልቭ የሚበላሽበት ዋነኛ ምክንያት በልጅነት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ቶንሲልን ያጠቃል፤ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ አብሮ ያጠቃል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ቤተሰብም «ቁርጥማት ነው» ብሎ በቅቤ ያሻል። እብጠቱ ይጠፋል፤ በቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን በየድግግሞሹ እየበረታ ሄዶ፣ ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ማጠር ሆኖ ይወጣል። በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን የተካሄደውና ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት ሬሜዲ የተባለ ጥናት ቫልቫቸው በዚህ ሁኔታ የተጎዳ 3,343 ሕሙማንን መዝግቦ ነበር፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ለአስታማሚ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ ደም ማቅጠኛ ይወስዱ ከነበሩት መካከል የደማቸው ልክ በሚፈለገው መጠን ውስጥ የተገኘው 28.3 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። መድኃኒቱን ማግኘትና መድኃኒቱ ልኩን ይዞ መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

አይ.ኤን.አር. የሚባለውን ቁጥር መያዝ

የብረት ቫልቭ ለሰውነት ባዕድ ስለሆነ ደም በላዩ ላይ መርጋት ይፈልጋል። ዋርፋሪን ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ይቀንሳል፤ አይ.ኤን.አር. ደግሞ ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ የሚነግር ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ወደ 1 ይጠጋል። በአብዛኛው በሚትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5፣ በአኦርቲክ ቦታ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በር) ያለውና ሌላ ተጨማሪ ሥጋት የሌለበት ሰው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ሐኪሙ ለታካሚው የመረጠውን ቁጥር በካርዱ ጀርባ እንዲጽፍ ይጠይቁት፤ የጎረቤት ቁጥር ለእርስዎ አይሆንም። ቁጥሩ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከዚያ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ሲወጣ ደግሞ መድማት ይመጣል።

ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው የሚል ወሬ ሰምተው የሚያቋርጡ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩን በግልጽ መናገር ይሻላል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ለአይጥ ማጥፊያነት መዋሉ እውነት ነው፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቅዷል። ልዩነቱ ያለው በመጠኑና በክትትሉ ነው፤ በየወሩ የምንለካውም ስለዚሁ ነው።

አንድ ደብተር ይግዙና በእያንዳንዱ መስመር ቀኑን፣ ማታ የተወሰደውን ዋርፋሪን በሚሊ ግራም (በክኒን ቁጥር ሳይሆን፣ ምክንያቱም ክኒኖች የተለያየ መጠን አላቸው)፣ የአይ.ኤን.አር. ውጤት ካለ ውጤቱን፣ በዚያ ሳምንት የተለወጠውንም ነገር ይጻፉ፦ ጾም ገባ፣ ተቅማጥ ነበር፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ ክኒን ተረሳ። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ለሐኪሙ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነው። ዋርፋሪን ዛሬ ተወስዶ ውጤቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ የዛሬው ምርመራ የሚናገረው ያለፉትን ቀናት ታሪክ ነው፤ ያንን ታሪክ የሚያስታውሰው ደግሞ ደብተሩ ብቻ ነው። ክኒን ከተረሳና በዚያው ዕለት ከታወሰ ይወሰድ፤ ሌሊቱ ካለፈ ግን ይቅር፣ በማግስቱም እጥፍ አይወሰድ። ማታ መውሰድ የሚመረጠው የጠዋቱ ምርመራ ውጤት ሲመጣ መጠኑን በዚያው ዕለት ማስተካከል ስለሚቻል ነው።

ቁጥሩ የረጋለት ሰው ብዙ ጊዜ በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ይመረመራል፤ መጠን ከተለወጠ፣ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም ሕመም ከገባ በሳምንት ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ያለ ደግሞ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት ላቦራቶሪው በዚያ ሳምንት የአይ.ኤን.አር. ምርመራ እየሠራ መሆኑን በስልክ ወይም በሰው አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል ተብሎ ከመመለስ ይህ ይሻላል። ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ ከሌለ በሌላው ማስመርመር ይቻላል፤ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወርን ከመዝለል የግማሽ ቀን ጉዞ ይቀላል። ሲመረመሩ ከሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት አንዱን ይምረጡ፤ ውጤቱ ከመስመር የወጣ ከሆነ በማግስቱ ሐኪም ይገኛል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን አይገኝም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ደሙ የሚቀዳበት ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ሆኖ የተመጠነ ስለሆነ፣ ደሙ ካነሰ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ፣ መጠን ከመቀነሱ በፊት ምርመራው ይደገም እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ። ውጤቱ ከ5 በላይ ከሆነ ግን የዚያን ዕለት ማታ ክኒን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ያናግሩ።

ምግብ፣ ጾምና ጫት

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ስለሆኑ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳሉ። ከዚህ ተነሥቶ «ጎመን አትብላ» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰማል፤ እኔ ግን ይህ ምክር የተሳሳተ ነው እላለሁ። የሚያስፈልገው መከልከል ሳይሆን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው፤ ጎመንን ጨርሶ የተወ ሰው አንድ ቀን ድግስ ላይ ሲበላ ቁጥሩ ይናወጣል፣ በመደበኛ መጠን የሚበላ ሰው ግን ዋርፋሪኑ በዚያው ልክ ይመጠንለታል። በዓቢይ ጾም ለ55 ቀናት ጎመንና ሰላጣ በብዛት የሚበላ ምእመን ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ቢመረመር ለውጡን በጊዜ ይይዘዋል። በረመዳን የሚጾም ሰው ዋርፋሪኑን ከፊጥር በኋላ በአንድ ሰዓት ላይ መውሰድ ስለሚችል ክኒኑ ራሱ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ላዚክስን የመሰለ የሽንት መድኃኒት ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መውሰድ የሰውነትን ፈሳሽ አሟጥጦ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙን ያማክሩ፤ ልቡ የደከመ ሰው እንዳይጾም ቢመከር ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ አለና በዚያ ይጠቀም።

በአወዳይ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ጫት ሳይነገረው የሚጻፍ የልብ መመሪያ ለእኛ አገር አልተጻፈም ማለት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ቫልቩ የተቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ ከቀድሞው ሕመም የተነሣ የሰፋና ምቱ የተዛባ ስለሆነ፣ ይህን ጫና የሚሸከምበት ትርፍ አቅም የለውም። ከዚህም ሌላ ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን ቫይታሚን ኬ ይጎድላል፣ አይ.ኤን.አር. ይወጣል፤ በርጫው እስከ ማታ ሲዘልቅ ደግሞ ክኒኑ ይረሳል። እንዲተው እመክራለሁ። መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ ለሐኪሙ አይደብቅ፣ ምክንያቱም ያልተነገረው ሐኪም ቁጥሩ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ፍለጋ መጠን ሲለዋውጥ ይኖራል።

የግመል ወተት ጥሬውን መጠጣት በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ግን መፈላት አለበት። ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ በልብ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ብሩሴሎሲስ ሰው ሲገድልም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። የላምና የፍየል ወተትም እንደዚሁ ነው።

ከመድኃኒት ቤት፣ ከጥርስ ሐኪምና ከመርፌ ጋር

እኅቴ ከተመለሰች በስምንተኛ ወሯ ሆዷን ታምማ፣ በሰፈር ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል ተሰጣት። አሜባ ለሚበዛበት አገር የተለመደ መድኃኒት ስለሆነ ማንም ምንም አልጠረጠረም። በአምስተኛው ቀን ድዷ መድማት ጀመረ፤ ስትመረመር አይ.ኤን.አር. ከ7 በላይ ነበር። መድኃኒቱን የሰጣት ሰው ምን እንደምትወስድ አልጠየቃትም፤ እኛም አልነገርነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ የጻፍነው የመድኃኒቶች ዝርዝር አለ፤ እርስዎም ይጻፉት። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ፍሉኮናዞል አይ.ኤን.አር.ን ከፍ ያደርጋሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በጣም ያወርደዋል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቁጥሩን ባይለውጡ እንኳ ጨጓራን ስለሚያደሙ አይወሰዱ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እርሱም በከፍተኛ መጠን ለብዙ ቀን አይሁን። አስፕሪን ሐኪሙ ራሱ ካላዘዘ በስተቀር አይጨመር። ከእነዚህ መካከል አንዱ ግድ ሆኖ ቢታዘዝ መከልከል አያስፈልግም፤ በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን መመርመር ግን ያስፈልጋል። ለመድኃኒትነት በብዛት የሚወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎችም ለሐኪሙ ይነገሩ።

ከአፍ የሚነሣ ባክቴሪያ ወደ ደም ገብቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ስለሚችል ጥርስን በየቀኑ ማጽዳት ከሕክምናው እንደ አንዱ ይቆጠር። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይሰጣል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የጉሮሮ ሕመሙ ተመልሶ ቫልቭ እንዳይጎዳ በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው በአፉ ያለው ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን ሊለምድ ስለሚችል ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ ይመረጥለታልና ይህን ለጥርስ ሐኪሙ ይናገር። ሁለተኛ፣ በየመን በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት እየቃሙ የተወሰደ አምፒሲሊን፣ በመጠኑም አሞክሲሲሊን፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ክኒን በጉንጭ ጫት ይዞ አይወሰድም። ጥርስ ለመንቀል ብሎ ዋርፋሪንን በራስ ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ ይህን የሚወስኑት የልብና የጥርስ ሐኪሞቹ ተነጋግረው ነው።

ስለ ወርኃዊው የፔኒሲሊን መርፌ ብዙ ሰው «ቫልቩ ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ይላል። አንድ ቫልቭ ቢቀየርም የቀሩት የራሱ ናቸው፤ ሌላ የጉሮሮ ሕመም እነርሱን ይጎዳል። ስለዚህ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይቀጥላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሲወጋ ለወጊው ይናገርና ቦታውን ለአሥር ደቂቃ አጥብቆ ይያዝ። መርፌው ምን ያህል እንደሚሠራ በዩጋንዳ ከ5 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት በግልጽ አሳይቷል፦ ምልክት ሳይሰማቸው ቫልቫቸው መጠነኛ ጉዳት የጀመረ 818 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው፤ ፔኒሲሊን ከተሰጣቸው መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል 8.2 በመቶ ናቸው። በቤትዎ ያለ ልጅ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የታካሚው ታናናሾች በዚያው ቤት ያድጋሉና።

ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ክኒን አለ ሲባል

ከውጭ አገር ያለ ዘመድ «እዚህ ሰው በየወሩ ደም አይሰጥም፣ አዲስ መድኃኒት አለ፣ ልላክልሽ» ብሎ ይደውላል። በፍቅር የተባለ ቢሆንም የብረት ቫልቭ ላለው ሰው መልሱ አይሆንም ነው፤ ይህም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ከእነዚህ አዲስ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በብረት ቫልቭ ላይ የተፈተነበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሪአላይን የተባለ ጥናት በመድኃኒቱ ወገን የረጋ ደምም መድማትም ስለበዛ ከጊዜው በፊት ቆሟል። ሌላው አዲስ መድኃኒት አፒክሳባን በአኦርቲክ ቦታ በተተከለ ኦን-ኤክስ የተባለ የብረት ቫልቭ ላይ ሲፈተንም፣ በመድኃኒቱ ወገን የረጋ ደም ስለበዛ በ2022 ተቋርጧል። በዚያው ዓመት የታተመው ኢንቪክተስ ከ4,500 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ ቫልቫቸው በቁርጥማት ተጎድቶ የልብ ምታቸው የተዛባባቸውን ሲከታተል፣ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉትን የወሰዱት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ዘመድዎ ውሸት አልተናገረም። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ ሚትራል ቫልቭና የተዛባ ምት ባላቸው 1,005 ሰዎች ላይ በብራዚል የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ስለ አንድ ጥናት ሲሰሙ፣ ጥናቱ በየትኛው ቫልቭ ላይ እንደተደረገ፣ ቫልቩ በየትኛው የልብ ክፍል እንደተተከለ፣ የተቆጠረውም ሞትና ስትሮክ ይሁን ወይስ የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ፣ ይጠይቁ። ኦን-ኤክስ በአኦርቲክ ቦታ ላለው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ከአነስተኛ አስፕሪን ጋር ከ1.5 እስከ 2 የሆነ ዝቅተኛ ቁጥር ሊፈቀድ ይችላል፤ ያንኑ ቁጥር የእኅቴ ሚትራል ቫልቭ ላይ ማዋል ግን ቫልቩን መዝጋት ነው። የቫልቩ ካርድ እንዳይጠፋ የምለው ለዚህ ነው፤ ፎቶ አንሥተው በሁለት ሰው ስልክ ላይ ያኑሩት።

ገና ቀዶ ሕክምናውን የምትጠብቅ ወጣት ሴት ካለች ደግሞ የቫልቩ ምርጫ ከመደረጉ በፊት ልጅ መውለድ እንደምትፈልግ ለሐኪሞቹ ትናገር። የብረት ቫልቭ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፣ ዋርፋሪን ግን በእርግዝና መጀመሪያ ወራት፣ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ከእንስሳ የተሠራው ዋርፋሪንን ለዘለቄታው ላይፈልግ ይችላል፣ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ያረጃል፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ መዝገብ ያለ ከባድ ችግር ሕያው ልጅ የወለዱት የብረት ቫልቭ ካላቸው 58 በመቶ፣ ከእንስሳ የተሠራ ካላቸው 79 በመቶ መሆናቸውን ጽፏል። ቫልቩ አስቀድሞ ብረት ከሆነ ያለ ዕቅድ አይረገዝ፤ የወር አበባ በዘገየ በጥቂት ቀን ውስጥ ሐኪም ይታይ፣ ዋርፋሪኑ ግን በራስ ፈቃድ አይቁም። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ደም የሚያረጋ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ይጠየቅ።

በሌሊትም ቢሆን የሚኬድበት

የብረት ቫልቭ ሲዘጋና ሲከፈት ቀጭን ድምፅ አለው፤ ሌሊት ጸጥ ሲል አጠገብ ለተኛ ሰው ይሰማል። ያ ድምፅ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ከእርሱም ጋር ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ቫልቩ በረጋ ደም ተይዞ ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አይጠበቅም። ፊት አንድ ጎን ከወደቀ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረም እንዲሁ ነው፤ መድማት ይሁን መርጋት በጭንቅላት የምስል ምርመራ ሳይታይ ስለማይለይ በቤት ውስጥ አስፕሪን አይሰጥ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ይታይ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ሽንት፣ አሥር ደቂቃ ተይዞ የማይቆም ነስርም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው።

ትኩሳት ለብቻው መታየት አለበት። እኛ አገር ትኩሳት ሲመጣ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጀመራል፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ግን የቫልቭ ኢንፌክሽን መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት በሚወሰድ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የወባው ምርመራ ይሠራ፣ ከክኒኑ በፊት ግን «ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለው፣ ካልቸር ይወሰድልን» ብለው ይናገሩ። ካልቸር በአቅራቢያ ካልተገኘና ታካሚው ካልተዳከመ በዚያው ዕለት ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይሂዱ። ሲወጡ ደብተሩን፣ የቫልቩን ካርድና የመድኃኒቱን ብልቃጥ በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ ተረኛው ሐኪም ታካሚውን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።